በአዴ ጠጅቱ ማሳ ላይ ችካል

ቅዳሜ፣ ኅዳር 4 ቀን 2008

ዛሬ ገልባጭ መኪና አባዬ ሱቅ ደጃፍ ላይ ገረጋንቲ ደፋ። ክረምት የበላውን መግቢያ ሊሞላበት ነው ያስመጣው፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ሊገዛ የሚመጣው ሰው ሁሉ ጫማውን ጭቃ ውስጥ ትቶ መሄዱ ሰልችቶታል። አካፋ ይዤ ሳስተካክል ከቀዩ አፈር መሀል አንድ ጥቁር ነገር ብልጭ አለ። የጠርሙስ ስብርባሪ መሰለኝና ሰው እንዳይቆርጥ ላነሳው ጎንበስ አልኩ።

ጠርሙስ አይደለም። ባልጩት ነው። መዳፌን የሚሞላ፣ በሁለቱም ፊቱ የተጠረበ፣ ጫፉ የሾለ የድንጋይ መጥረቢያ። ጠርዙ ዛሬም ወረቀት ይቆርጣል፤ ሞክሬዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂ ስማር በሥዕል ያየሁትን፣ በመስታወት ውስጥ ያየሁትን፣ ፈተና ላይ የጻፍኩትን ነገር ዓለም ገና፣ የገዛ ደጃችን ላይ ቆሜ ያዝኩት።

«አባዬ፣ ይሄ ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ ሊሆነው ይችላል» አልኩት።

አገላብጦ አየውና፣ «እንግዲያው ዋስትናው አልፏል» አለኝ።

እስኪመሽ ክምሩን በረበርኩ። ስንጣሪ፣ ፍርፋሪ፣ ግማሽ መጥረቢያ። ሾፌሩን ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው «ቡርቃ ዲማ፣ የልጆቹ ካባ» አለ። ነገ እሄዳለሁ። ከተመረቅሁ ጀምሮ ሚስማር ስመዝን ከርሜያለሁ፤ አሁን ግን ሥራዬ ራሱ በመኪና ተጭኖ መጣልኝ።

እሁድ፣ ኅዳር 5

ባጃጅ የሚሄደው እስከ ወፍጮ ቤቱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በእግር። ካባው፣ ገረጋንቲው የሚቆፈርበት ጉድጓድ፣ የኮረብታውን ጎን ገምጦ በልቶታል። የሚሠሩት በማኅበር የተደራጁ የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ሊቀመንበራቸው ዘርሁን ነው፤ አሥረኛ ክፍል አብረን ተምረናል፣ እሱ ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር።

«ኢንተላ ዲኖ» አለኝ፣ የዲኖ ልጅ ማለቱ ነው፤ ሬሐና ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። «አባትሽ ገረጋንቲው አነሰ ብሎ ላከሽ?»

የተቆረጠውን ግድግዳ ሳይ መልስ መስጠቱን ረሳሁት። ከላይ የሚታረሰው ጥቁር አፈር፣ ከታች ቀዩ ገረጋንቲ፣ በመካከላቸው አንድ ቀጭን ግራጫ መስመር። ባልጩቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ፍርፋሪው ሳይቀር በወደቀበት አለ። ጎርፍ አምጥቶት ቢሆን ጠርዙ በዶለዶመ ነበር። ሰዎች ተቀምጠው የጠረቡበት ቦታ ነው፤ ያውም ሳይነካ የቆየ።

መስመሩ ወደ ምሥራቅ ሄዶ ጤፍ ማሳ ሥር ይገባል። ካባውም የሚሄደው ወደዚያው ነው፤ ምዕራቡ ጠጣር ዐለት ስለሆነ በዲጂኖ ካልሆነ አይሰበርም። ቀበሌው የማሳውን ጠርዝ ለማኅበሩ ፈቅዶለታል። «ጤፉ ይነሳ እንጂ ከጥምቀት በኋላ በዚህ በኩል እንገፋለን» አለኝ ዘርሁን።

ከጥምቀት በኋላ። እንግዲህ ያለኝ ጊዜ ይህ ነው።

ማሳው የአዴ ጠጅቱ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚያሳርሱት፤ ልጃቸው ቡራዩ ተድራለች። «አካም ጅርቱ» ብዬ እጅ ነሳኋቸውና ማሳው ላይ ያለውን ድንጋይ ማየት እችል እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እዪ ልጄ፣ ማየት ምን ከልካይ አለው» አሉ።

ፈቅደውልኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

ለቀድሞ መምህሬ ለዶክተር ባርናባስ ፎቶ ልኬ ነበር፤ ዛሬ ራሱ ደወለ። «ቁርሴን ነው ያስረሳሽኝ» አለ። የቦታውን የጂፒኤስ ነጥቦች፣ በካሬ የተከፋፈለ ንድፍና በየካሬው ያለውን የባልጩት ብዛት እስከ ጥር መጀመሪያ ከላክሁለት ማመልከቻውን እሱ ያስገባዋል። ቦታው ይመዘገባል፣ ይከለላል። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ «ለፕሮጀክቴ የመስክ ረዳት እፈልጋለሁ» አለኝ። ስሜም በእሱ ጽሑፍ ላይ ይሰፍራል።

እማ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ምሳ ይሰጣሉ?»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 21

በምዕራብ በኩል ተማሪዎች አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬ መሬት የሚያሰፋውን ማስተር ፕላን ተቃውመው እየወጡ ነው። እዚህም ሚኒባስ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ሱሉልታ አጥር ታጠረ፣ ሰበታ መለኪያ ይዘው መጡ፣ ለገዳዲ አካባቢ የእገሌን ማሳ ለኩት። የተጣራውን ካልተጣራው መለየት አይቻልም። ሱቅ ውስጥ አንድ ገበሬ ገመድ እያስለካ፣ «ችካል ካየህ አለቀ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ግሬደር ነው» አለ። አባዬም ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የችካልና የቀይ ቀለም ገበያ እንደሞተ ነገረኝ፤ ማንም ይዞ መታየት አይፈልግም።

እኔ ግን ካርታዬን እየሠራሁ ነው። ጤፉ ታጭዷል። ማሳው ባዶ ሲሆን ሁሉ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 1

መንገድ ዝግ። ጎማ፣ ድንጋይ፣ ጭስ። ሱቅ አልከፈትንም። ከሰበታ በኩል ተኩስ ተሰማ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዚያ እንደገና። ስልክ ይሠራል፣ ኢንተርኔት የለም። አባዬ መዝጊያውን ሁለት ጊዜ ወጥቶ ነካክቶ ገባ።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 3

ዛሬ በውስጥ መንገድ ቡርቃ ዲማ ደረስኩ። ካባው ጭር ብሏል። ዲጂኖ የለ፣ ገልባጭ የለ፣ ግድግዳው ካለፈው ሳምንት አንድ ስንዝር አልተነካም። ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ስመለስ ወፍጮ ቤት የነበሩ ሴቶች ነገሩኝ። ዘርሁንንና ጓደኞቹን ዓርብ ማታ ወስደዋቸዋል። የት እንዳሉ አይታወቅም።

አላወቅሁም ነበር። አውቄ አይደለም ደስ ያለኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 6

ሠራሁት።

ከሱቅ ችካል፣ ሲባጎና ቀይ ቀለም ወሰድኩ፤ አባዬ አዲስ አበባ ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ ነበር። ጠዋት በታጨደው ማሳ ላይ የጂፒኤስ ነጥቤን ያዝኩ፤ ከካባው ጠርዝ ጀምሬ ማሳውን በካሬ ከፋፈልኩት። ችካሎቹን እንደተማርነው ራስ ራሳቸውን ቀይ ቀባኋቸው፤ ከሩቅ መታየት አለባቸው፣ ካልታዩ መስመር ይጣመማል። ሲባጎው ቀጥ ሲል እንዴት ያምራል። ከጠርዙ አጠገብ ያሉት ካሬዎች በባልጩት ተሞልተዋል፤ ወደ ምሥራቅ ስሄድ እየሳሳ ይመጣል። የመጥረቢያ ጠራቢዎቹ የተቀመጡት በየት በኩል እንደሆነ ሳይቀር ማሳየት እችላለሁ። ይህን የመሰለ ንድፍ ክፍላችን ውስጥ ማንም አልሠራም።

አዴ ጠጅቱ ለቅሶ ሄደው ነበር፤ አልተገናኘንም። ፈቃድ ሰጥተውኛል እኮ። ሁለት ከብት ጠባቂዎች ከወንዙ ማዶ ቆመው እያዩኝ ቆዩና ሄዱ። ሰላም አልኳቸው፤ አልመለሱም። አልሰሙኝ ይሆናል።

ችካሎቹን እዚያው ትቻቸዋለሁ፤ ቆጠራውን ነገ እጨርሳለሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 7

ችካሎቹ የሉም። አንድም። ሲባጎው ተበጣጥሶ ካባው ውስጥ ተጥሏል። ማን? ለምን? ደግነቱ ልኬቱን ትናንት ጽፌዋለሁ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 8

የጠፉት ችካሎች አዴ ጠጅቱ በር ላይ ተከምረው አደሩ።

ወፍጮ ቤት የሚባለውን ሰማሁ፤ «ልጆቹ ሲታሰሩ ጠብቃ መሬቷን አስለካች። ለከተማ ሸጠች። መሐንዲሷን በዓይናቸው ያዩ አሉ፤ ጂንስ የለበሰች ሴት።»

መሐንዲሷ እኔ ነኝ።

እንዴት አላሰብኩትም? ያ ገበሬ ገመድ እያስለካ የተናገረውን እዚሁ ደብተር ላይ በእጄ ጽፌዋለሁ። ጽፌው፣ ገልብጬ፣ ወደ ካርታዬ ሄድኩ። በዚህ ወር፣ በዚህ አገር፣ ባዶ ማሳ ላይ ቀይ ችካል።

ለአባዬ ነገርኩት። አልተቆጣም። «ከኛ ሱቅ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ፤ ከዚያ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ። ሱቁ እንደሚቃጠል አስቦ እንደሆነ ገባኝ። እኔ ግን ስለ ሱቁ ያሰብኩት አሁን፣ እሱ ሲያስብ አይቼ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 14

መውሊድ። እማ ያዘጋጀችውን ቀምሼ ሳልጨርስ ቡርቃ ዲማ ሄድኩ።

እዚህ አገር ጤፍ የሚወቃው በደቦ ነው። ጎረቤት በሬውን ይዞ ይመጣል፣ ዛሬ ላንተ ነገ ለእኔ። የሁሉም አውድማ ሲወቃ የአዴ ጠጅቱ ክምር እንደቆመ ነው። ማንም አልሰደባቸውም፣ ማንም በር አልመታም። አልመጡም፣ በቃ። አዴ ጠጅቱ ከክምሩ ትንሽ ትንሽ እያወረዱ ለብቻቸው በዱላ ይወቃሉ። በዚያ አያያዝ እስከ ፋሲካም አይጨርሱም።

ዱላ ልቀበላቸው ስል፣ «ተዪ» አሉኝ። «ሰው እያየ ነው።»

«እኔ መሆኔን እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ? ድንጋይ ልትቆጥር ነው ብለሽ?» ዱላውን አሳረፉት። «እኔ እዪ አልኩሽ እንጂ ትከዪ አልኩሽ?»

አላሉም። ኅዳር 5 ገልጬ አየሁት። «እዪ» ነው ያሉት።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 17

ከአባዬ ጋር ኦቦ ተሾመ ዘንድ ሄድን። የአካባቢው ሽማግሌ ናቸው፤ ሁለት ሰው ሲጣላ እሳቸው ሳይጠሩ አይታረቅም። አባዬ የመውሊዱን የስጦታ ስኳር አንጠልጥሎ ነው የሄደው፤ ሽማግሌ ቤት ባዶ እጅ አይገባም ብሎ።

ሁሉን ነገርኳቸው፤ መጥረቢያውን፣ ዶክተሩን፣ ችካሉን። ከቦርሳዬ ባልጩቱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። አውራ ጣታቸውን ጠርዙ ላይ አሳልፈው፣ «ይላጫል» አሉ። ቀጥለው፣ «ለኔ ነገርሽኝ። አንቺን የምፈራው እኔ አይደለሁም። ልጆቹ ሲፈቱ ለነሱ ትናገሪያለሽ፤ እዚያው ካባው ላይ፣ ጠጅቱም ባለችበት።»

«ኦቦ፣ እስከዚያ ጤፉ...»

«እስከዚያ ይቆማል።»

ስንመለስ አባዬ፣ «እኔ ችካል ሸጬ አድሬያለሁ፤ ማን የት እንደሚተክለው ጠይቄ አላውቅም» አለኝ። 

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 20

ደመና። በታኅሣሥ። ሌሊት ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ተነስቼ ተቀመጥኩ። አላካፋም፣ አለፈ። ስለ አንድ ክምር ጤፍ የማስብ ሰው መሆኔ ይገርመኛል። ከወር በፊት ለኔ ያ ማሳ «ሽፋን አፈር» ነበር።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 24

ልጆቹ ዓርብ ተፈቱ። ዛሬ ካባው ላይ ተሰበሰብን። ዘርሁን ራሱን ላጭተውታል፤ ከስቷል፣ አንድ ዓይኑ ሥር ቢጫ ነው። ሰው ግማሹ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ግማሹ ቆሟል። አዴ ጠጅቱ ለብቻቸው።

በኦሮምኛ ነው የተናገርኩት። የገበያ ኦሮምኛ ነው ያለኝ፤ ስለ ዋጋና ስለ ሚዛን አይቸግረኝም፣ ስለ ጥፋት ግን ቃል ፍለጋ ተንተባተብኩ። ችካሉ የኔ እንደሆነ፣ ከከተማም ከመንግሥትም ማንም እንዳልላከኝ፣ አዴ ጠጅቱ እንዳላወቁ ተናገርኩ። ግራጫውን መስመር በእጄ አሳየኋቸው፤ ሰው ተቀምጦ የጠረበበትን ቦታ።

ዘርሁን አቋረጠኝ። «ስንታሰር ጠብቀሽ ነው የገባሽው?»

ስለ ጤፉ መታጨድ፣ ስለ ቀነ ገደቡ ልነግረው ነበር። ሰው ሁሉ ያየኛል።

«አዎ» አልኩ። «ካባው ሲቆም ደስ ብሎኝ ነበር። ለምን እንደቆመ ከሰማሁ በኋላም ገባሁ።»

ከኋላ አንዱ፣ «ይቺ እንኳን አትዋሽም» አለና ጥቂት ሰው ሳቀ። ዘርሁን አልሳቀም።

«ድንጋይሽ ሲመዘገብ ምን ይሆናል?»

«ይከለላል።»

«ይታረሳል?»

«አይታረስም። እንደተማርኩት አይታረስም።»

«ካባውስ?»

«ይቆማል።»

«እንግዲህ ያንቺና የማስተር ፕላኑ ልዩነት ምንድን ነው? ያንቺ ድንጋይ ያረጀ መሆኑ?»

እዚህ ላይ ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ቦታውን አድናለሁ ስል ከማን እንደማድነው ነበር የማውቀው፤ ለማን የሚለውን አንድ ቀን አላሰብኩም።

ያን ጊዜ አዴ ጠጅቱ ተነሱ። «እናንተስ?» አሉ ዘርሁንን። «በየዓመቱ ማሳዬን ከሥሩ ስትበሉት ማን ጠየቀኝ? ቀበሌ ፈቀደልን አላችሁ። እሷ ችካል ተከለች፣ ነቀላችሁ። እናንተ የቆፈራችሁትን ማን ይነቅለዋል?»

 ቀጠሉ። «የጠርዙን መሬት ካሎ አደርገዋለሁ።»

ካሎ እዚህ ለከብት የሚከለል ሳር ነው፤ አይታረስም፣ አይቆፈርም፣ በጋ ሲከር ጎረቤት ሁሉ ያጭድበታል። ካሎ የነካ ሰው ከባለመሬቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሰፈሩ ከብት ጋር ነው የሚጣላው። ወደኔ ዞረው፣ «ለድንጋይሽ ብዬ እንዳይመስልሽ» አሉኝ። «ካባው እንዲቆምልኝ ነው።»

ልጆቹ አጉረመረሙ። ምሥራቁ ከተዘጋ የቀራቸው ዐለቱ ነው። አባዬ ከሰዉ መሀል ወጣ ብሎ፣ «ከዐለቱ የሚወጣውን ለመሠረት ድንጋይ እወስዳለሁ፣ ደንበኛ አለኝ» አለ። «ዲጂኖ ግን ከኔው ትገዛላችሁ።»

«እሱ ነጋዴ ነው፣ ይሄ አይቀርም» አሉ ኦቦ ተሾመ፤ ነገሩም በዚያ ወደ ስምምነት ዞረ። የመጨረሻውን ቃል የተናገረው ዘርሁን ነው። «አንድ ነገር አለ። የቦታውን ቁጥር ለማንም አትልኪም። አዴ ጠጅቱ፣ ኦቦና እኛ ካልፈቀድን።»

 ስሜ የሚሰፍርበት ጽሑፍ፣ የመስክ ረዳትነቱ፣ ሁሉም በዓይኔ ዞረ።

«አልልክም» አልኩ። የተናገርኩት በኦሮምኛ ነው፤ ይህን ለማለት ቃል አልጠፋኝም።

ሐሙስ፣ ጥር 5

ማስተር ፕላኑ ተሰረዘ። ትናንት በሬዲዮ ተነገረ። ዓለም ገና ጥሩምባ በጥሩምባ ሆነች፤ የሞቱት ልጆች ቤት ግን አሁንም ድንኳን አለ።

ቃሌም አብሮ የተሰረዘ መሰለኝ። ዘርሁን ዲጂኖ ሊገዛ ሱቅ ሲመጣ ጠየቅሁት።

«ወረቀቱ ቀረ» አለኝ። «መለካቱ ይቀራል?»

ዲጂኖውን በትከሻው አድርጎ ወጣ። ከበሩ ዞሮ፣ «እሁድ አውድማ ነይ፤ አልተጠራሁም እንዳትዪ፣ እኔ ነኝ የጠራሁሽ፣ ሬሐና» አለኝ።

ዓርብ፣ ጥር 6

ዶክተር ባርናባስ መልእክት ልኳል። ቀነ ገደቡ ስላለፈ የረዳትነቱን ቦታ ለሌላ ሰጥቶታል። አዝኗል፣ ጨዋ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ሚስማር መዘንኩ።

እሁድ፣ ጥር 8

በገለባ የተሞላ ፀጉር ይዤ ነው የምጽፈው።

በሬዎቹ ከየአቅጣጫው መጡ። ከታኅሣሥ ጀምሮ በአዴ ጠጅቱ በር ዞር ብለው ሲያልፉ የነበሩት ሁሉ ዛሬ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «ጤፉ ደርቋል፣ አዘገዩት» እያሉ እሳቸውን ይወቅሳሉ። አዴ ጠጅቱም እንደሚወቀስ ሰው መልሰው ይሳደባሉ። ይቅርታ የጠየቀ አላየሁም። ክምሩ ግን እየቀነሰ ሄደ። አባዬ በሬ መንዳት ሞክሮ በሬዎቹ እሱን ነዱት። በካባው በኩል ከጠርዙ ላይ እሾህ ተጎትቶ ታጥሯል፤ ግራጫው መስመር ከሥሩ አለ፣ ማንም ወደዚያ ዞር ብሎ አያየውም።

ጤፉን ከገለባው በነፋስ መለየት ተጀምሮ ሳለ ስልኬ ጠራ። ዶክተር ባርናባስ።

«ሬሐና፣ ነጥቦቹን ጨርሶ አልላክሽም። ቀነ ገደቡ ይቅር፤ ለራሴ ማየት እፈልጋለሁ። የት ነው?»

«አልልክም ዶክተር። ባለመሬቷን ያስፈቅዱ።»

«አንቺ አስፈቅጂያ።»

«እኔ ገና የመጀመሪያውን ፈቃድ ዕዳ እየከፈልኩ ነው።»

  «እሺ። መቼ ይመቻቸዋል?» አለ።

ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ በአውድማው ማዶ ጮክ ብዬ ጠየቅሁ፤ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው ድንጋዩን ሊያይ ይፈልጋል፣ መቼ ይምጣ?

አዴ ጠጅቱ ቀና እንኳ አላሉም። «ውቂያ ላይ መሆኔን ንገሪው። አሁኑኑ ከቸኮለ መንሹን ይዞ ይምጣ።»

ወደ ስልኩ ተመለስኩ። «ዶክተር፣ ገለባ የሚያነሱበት መንሽ ይዘው ያውቃሉ?»

ሳቀ። እኔ ግን የጠየቅሁት የምሬን ነበር።